የአዙሪት በሽታና የአንዲት ሴት ውሻ

የቄሱ በግ ወደ ግራ ብቻ ነበር የምትዞረው። መጀመሪያ ባየኋት ቀን በግቢያቸው መካከል አንገቷን ወደ ጎን ጠምዝዛ፣ ማንም ሳይነካት፣ ክብ እየሠራች ትዞር ነበር። ይደክማትና ትቆማለች፤ ትንሽ ቆይታ ያችኑ ክብ እንደገና ትጀምራለች። ከእግሯ ሥር ሣሩ ተረግጦ አልቆ አፈሩ ገጥጧል። በአጥሩ ጥግ የቆሙት ሰዎች ግን በጓን አልነበረም የሚያዩት። እኔን ነበር።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሰቆጣ ውስጥ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ከተቀጠርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የበግና የፍየል ትሎችን ሊያጠና ከመሀል አገር የመጣ አንድ ዶክተር ረዳት ሲፈልግ፣ «መንገዱንም ሰዉንም ያውቃል» ተብዬ እኔ ተመደብሁለት። መንገዱንስ አውቀው ነበር። ሰዉን ግን የማውቀው የከተማ ልጅ በሚያውቀው መጠን፣ በገበያ ቀን ብቻ ነው። አገውኛዬም ጎደሎ ነበር። አባቴ ቤት ውስጥ አገውኛ የሚናገረው ሲቆጣ ብቻ ስለነበር፣ ከቋንቋው የያዝሁት የቁጣውን ክፍል ነው። ስለዚህ ጥናቱ በሚካሄድባት ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ በአገውኛ ሲነጋገሩ በሰማሁ ቁጥር፣ ስለ ዝናብም ቢያወሩ፣ እኔን የሚሰድቡ ይመስለኝ ነበር።

እነሱም እኔን አላመኑኝም፤ አይፈረድባቸውም። ሥራዬ በየቤቱ እየዞርሁ የበግና የፍየል በጠጥ መልቀም፣ በፕላስቲክ መቋጠር፣ በላዩ ምልክት መጻፍ፣ ከዚያ በሣጥን አድርጎ ሰቆጣ መውሰድ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ምን ብሎ ማስረዳት ይቻላል? አንድ ሽማግሌ በጠጡን ስቋጥር ከአጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ በበጠጡ በጉን ልትቆጥሩ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አይደለም አባቴ። ትሉን ነው የምንፈልገው።»

«ትሉንማ እኛም እናውቀዋለን። ለትል ብሎ ከሰቆጣ የሚመጣ ሰው አለ?»

በማግሥቱ ስመለስ ከበጎቹ ግማሾቹ አልነበሩም። ገደል ማዶ ወዳለ ዘመድ ቤት ተሻግረዋል።

ቄሱ ግን ራሳቸው ሰው ልከው አስጠሩኝ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማል። ከፋሲካ ወዲህ ሦስት በጎች ዞረውባቸዋል። ሁለቱን ሳይከሱ ብለው አርደዋቸዋል፤ ይቺ ሦስተኛዋ ነበረች።

«ምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

«አዙሪት ነው አባ።»

«ስሙንማ ከአያቶቼ ሰምቼዋለሁ። ማን እንደላከብኝ ነው የምጠይቅህ።»

ይህን ሲሉ አጥሩ ጥግ ያሉት ሰዎች ተያዩ። በዚያን ጊዜ ጥያቄው ለትል ባለሙያ የሚቀርብ ጥያቄ እንዳልሆነ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ከትምህርት ቤት የወጣሁት በቅርብ ነው፤ ለማንም ጥያቄ መልስ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

«በጓን ይረዱና ሥጋውን ይውሰዱ። ጭንቅላቷን ግን ለእኔ ይስጡኝ፤ እዚሁ እርስዎ ፊት እከፍተዋለሁ» አልኋቸው።

«ጭንቅላት!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ፤ ቀጥሎም በአገውኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ከተናገረችው «ይወስዳሉ» የሚለውን ብቻ ያዝሁ።

ቄሱ ፈቀዱ። በጓ ታረደች፤ እኔም ጭንቅላቷን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጌ በመጋዝ ከፈትሁት። ሰው ሁሉ ተጠጋ። በግራ በኩል አንጎሉን ገፍቶ የተቀመጠ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ስስ ከረጢት ነበር። ጥርት ያለ ውኃ ሞልቶታል። ከውስጥ ግድግዳው ላይ እንደ ተሰባበረ ሩዝ ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች በቦታ በቦታው ተጣብቀዋል። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ገና ያላደገች የትል ራስ ናት። ለፀሐይ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። አንዲት አሮጊት አማተቡ።

«ይህ ነገር ከየት ገባ?» አሉ ቄሱ።

«ከውሻ» አልሁ።

ሌላውንም ልጨምር ነበር። ውሻ እንዲህ ያለውን ጭንቅላት ሲበላ ትሉ ሆዱ ውስጥ እንደሚያድግ፣ እንቁላሉ ከውሻው ሰገራ ጋር ሣር ላይ እንደሚወድቅ፣ በግ ሣሩን ግጦ እንደሚታመም በደንብ አጥንቼው ነበር። ግን የሰማኝ አልነበረም። «ከውሻ» የምትለዋ ቃል ከአፌ እንደወጣች ሰዉ ሁሉ ዞሮ ከገብሱ ማሳ ማዶ ለብቻዋ ወደቆመች ጎጆ ተመለከተ። ማንም ጣቱን አልቀሰረም፤ አላስፈለገም።

ከግቢው ስወጣ አንድ ሰውዬ አብሮኝ እየሄደ በዝግታ ነገረኝ። የጎጆዋ ባለቤት የአበርገሌ ሴት ናት። ለትዳር መጥታ ባሏ ሞተባት። ወደ ቆላ አገሯ ትመለሳለች ሲባል በባሏ መሬት ላይ ቀረች። በፋሲካ ሰሞን በመንገድ ስታልፍ የቄሱን በጎች አይታ «እንዴት አማሩ!» ብላለች። ከዚያ በኋላ ነው መዞር የጀመሩት።

«ውሻም አላት» አለኝ።

እኔን ራሴን በዚያች መንደር ቢያንስ ሦስት ውሾች አባረውኛል። አንዱ ሱሪዬን ቀዶታል። ሆኖም «ሌላው ሰው ውሻ የለውም ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁትም።

በማግሥቱ ሰውዬውና አንድ ጎረቤቱ ወደ ሴትዮዋ ቤት ወሰዱኝ። የፈረሰ የድንጋይ አጥሯን ስትክብ አገኘናት። ዕድሜዋ አርባን ያለፈ፣ ረጅም ሴት ናት። አማርኛዋ ውስጥ ትግርኛ ይገባል፤ «ሐወይ» ትለኛለች፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። ሰዎቹ «አንቺ» ሲሏት ሰምቼ እኔም «አንቺ» አልኋት። የእናቴ ታናሽ ልትሆን ትችል ነበር።

«ውሻሽን ልንመረምር ነው» አልኋት።

የያዘችውን ድንጋይ አስቀመጠች። «የእኔን ብቻ?»

«የሌሎቹንም እናያለን።»

በዚያች ሰዓት የሌላ ሰው ውሻ የመመርመር ሐሳብ አልነበረኝም። እሷም የገባት ይመስለኛል፤ ፈገግ ሳትል ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣

«ይህ ውሻ የመጣው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ፍየሎቼን ጅብ ሲጨርስብኝ ወንድሜ ከአበርገሌ አመጣልኝ» አለች።

ማስታወሻ ደብተሬ በእጄ ነበር፤ እርሳሱም። አልጻፍሁትም። እንዲያውም ሳልጠይቃት መናገሯ አጠራጠረኝ። ያልተጠየቀውን ቀድሞ የሚመልስ ሰው የሚሸሽገው ነገር አለው ብዬ አሰብሁ። «ግቡ» አለማለቷንም፣ ውኃ አለማቅረቧንም፣ ሁሉንም በእሷ ላይ ቆጠርሁት። ሦስት ወንዶች ሆነን ደጇ ላይ መቆማችንን አልቆጠርሁም።

ውሻው ከጎጆው ጀርባ ታስሯል። ቡናማ፣ ጆሮው የተቆረጠ፣ ከመጮህ ይልቅ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ነው። አጠገቡ ያለውን ሰገራ በእንጨት ገለጥሁት። እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ነጫጭ ነገሮች በላዩ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። ሁለቱም ሰዎች አብረውኝ አጎነበሱ።

«ምንድን ነው?» አለ አንደኛው።

«የውሻ ኮሶ።»

«በጉን የሚያዞረው እሱ ነው?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ኮሶ ብዙ ዓይነት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሰቆጣ ወስጄ በማይክሮስኮፕ ሳላይ ልናገር አልችልም ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን «እንደሱ ያለ ነው» አለ። ከእነዚያ ነጫጭ ነገሮች ጥቂቱን ጠርሙስ ውስጥ ጨመርሁና ወጣን። ስንወጣ ሴትዮዋ አጥሯን ወደ መካብ ተመልሳ ነበር። ሰዎቹ በአገውኛ እየተነጋገሩ ቀድመውኝ ሄዱ፤ በዚያን ቀን የሚሉትን ለመስማት አልሞከርሁም።

ሰቆጣ ስደርስ ዶክተሩ ለስብሰባ ወጥቶ ነበር። ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት። አንድ ሳምንት ሙሉ እዚያው ተቀመጠ።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ዶክተሩ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት አህያ እየነዳች ወደ ቢሯችን ግቢ ገባች። አህያው ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተጭኗል። ጥበቃው ሊያስቆማት ሲሞክር በአጠገቡ አልፋው መጣች። እኔ ደጃፉ ላይ ነበርሁ። ጆንያውን ፈታ አወረደችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ሽታው ቀድሞ ነገረኝ።

«ትናንት ገበያ በሄድሁበት ገደሉት» አለች። «በድንጋይ። እንደታሰረ።»

«እትዬ፣ ይቀመጡ፤ ውኃ ልስጥዎት» አልኋት።

«ዛሬ እርስዎ ሆንሁ?»

እሷ አልተቀመጠችም።

«ከሆዱ ውስጥ አየሁት ያልኸውን አሳየኝ። ክፈተው። ሌሊቱን ዘመድ ቤት አድሬ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

ዶክተሩ ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ነገሩን እኔ ተንተባትቤ፣ እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርነው። ምንም ሳይል ጓንት አጠለቀ፤ ለእኔም ሰጠኝ። ከቢሮው ጀርባ፣ የጽድ ጥላ ሥር ውሻውን ከፈትነው። ሴትዮዋ ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ አድርጋ አጠገባችን ቆማ አየች፤ ዓይኗን አንዴም ከውሻው ላይ አላነሳችም። ዶክተሩ አንጀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመቀስ ሰነጠቀው። ቀጫጭን አጫጭር ትሎች አገኘ። አንዱን አንስቶ በውኃ አጠበና ወደ ማይክሮስኮፑ ገባ። ከዚያ የእኔን ጠርሙስ ከመደርደሪያ አውርዶ እሱንም አየ። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ይህ የቁንጫ ትል ነው» አለ። ለእሷ ነበር የሚናገረው። «ውሻ ሲያሳክከው ቁንጫውን ነክሶ ይውጠዋል፤ ትሉም ሆዱ ውስጥ ያድጋል። በጎቹን የሚያዞረው ትል ሌላ ነው። ረጅም ነው፤ ሆዱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ አይጠፋንም ነበር። ይህኛው በግ አይነካም።»

«በግ አይነካም» አለች ቃሉን ደግማ።

«አይነካም።» ወደ እኔ ዞረ። «ውሻው መቼ ነው ወደ መንደሩ የመጣው?»

ጓንቴን ማውለቅ ጀመርሁ።

«ነግሬዋለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ።»

ዶክተሩ ማስታወሻ ደብተሬን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ገጹን አገላበጠ፤ የውሻው ቀለም አለ፣ የጆሮው መቆረጥ አለ፣ የሰገራው ሁኔታ አለ። የመጣበት ጊዜ የለም።

«ያ ከረጢት እንቁላል እስኪያክል ብዙ ወራት ይፈልጋል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከፋሲካ በኋላ የመጣ ውሻ በግንቦት በግ ሊያዞር አይችልም። ይህን ትሉን ሳታይም ልታውቀው ትችል ነበር። ለምን ይህን ውሻ ብቻ መረመርህ?»

«ሰዎቹ አመላከቱኝ።»

«በሰዎቹ ጣት የምንመረምር ከሆነ እኔና አንተ ምን እንሠራለን?»

ሴትዮዋ ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ ጽዱ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። ውኃ ሰጠኋት፤ ጠጣች። «በሉ ይህን ጻፉልኝ» አለች።

ዶክተሩ አመነታ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ወደ ክስ እንደሚሄድ፣ ክሱ ደግሞ ጥናቱን እንደሚያቆምበት እያሰበ እንደነበር ዛሬም እጠረጥራለሁ። «እኛ ማስረጃ የመስጠት ሥልጣን የለንም» አላት። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም።

እሷ አልተከራከረችም። ወደ እኔ ዞረች።

«እንግዲያው አንተ በአፍህ ያልኸውን በአፍህ መልስ። እዚያው። እነሱ ፊት።»

ውሻዋን እዚያው ግቢ ውስጥ ቀበርንላት። ባዶውን ጆንያ አጥፋ አህያዋ ላይ ጫነችና ሄደች።

ከአምስት ቀን በኋላ ወደ መንደሩ ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ ዶክተሩም መጣ። ዕቅዱ ውሾቹን ሁሉ አስሮ፣ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣትና የሚወጣውን መሰብሰብ ነበር። የመጀመሪያው ቤት ባለቤት «ውሻ የለንም» አለን። ይህን ሲለን ከቤቱ ጀርባ ውሻ ይጮህ ነበር። «የጎረቤት ነው» አለ። ጎረቤቱም የእሱ እንዳልሆነ ነገረን። አንዲት ሴት ውሻዋ ገደል ገባ አለችን፤ እኛ ስንወጣ ውሻው ከማሳው ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን።

የሚያየኝ ሰው ሁሉ ያንን ውሻ የወገረ ይመስለኝ ነበር። እጅ ሲነሱኝ እጃቸውን አያለሁ። አንዱ በጣም ሲያከብረኝ ይሄ ነው እላለሁ፤ አንዱ ሲያኮርፈኝም ይሄ ነው እላለሁ። ያ ቀድሞ ወደ ሴትዮዋ ቤት የመራኝ ሰውዬ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ቀየረ።

ውሻቸውን ያለ ክርክር የሰጡን ቄሱ ብቻ ናቸው። «የእኔን መርምሩት» አሉ፤ «ሰዉም አይቶ ይማር።» ትልቅ ጥቁር ውሻ ነው። አስረን መድኃኒቱን አጠጣነው፤ እስኪያስቀምጠው ድረስ በግቢው ጥላ ሥር ተቀመጥን። በመሃሉ ዶክተሩ የቄሱን ሚስት የታረዱት በጎች ጭንቅላት የት እንደገባ ጠየቃቸው።

«የሚዞር በግ ጭንቅላት ማን ይበላል?» አሉ እሳቸው ተጸይፈው። «ለውሻው ጣልነው እንጂ።»

«ባለፈው ዓመትም የዞረ በግ ነበር?»

«አንድ ነበር። እሱንም እንዲሁ።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ተመለከተ። በዚህ ጊዜ እያንዳንዷን ቃል ጻፍሁ።

ከውሻው የወጣው ትል አንድ ብቻ አልነበረም፤ ርዝመታቸው ክንድ ያልፋል። ዶክተሩ ማይክሮስኮፑን ከሣጥን አውጥቶ የድንጋይ አጥሩ ላይ አስቀመጠና በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን ያዘለት። መጀመሪያ የትሉን ራስ አየ። ከዚያ በግንቦት ከበጓ አንጎል ወስጄ እንዳትበሰብስ በፎርማሊን ያስቀመጥኋትን ነጭ ነጠብጣብ ከአጠገቡ አድርጎ አየ። ለእኔም አሳየኝ። በሁለቱም ራስ ላይ ትንንሽ መንጠቆዎች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል፤ በቁጥርም በቅርጽም አንድ ናቸው።

ለቄሱ መንገሩን ዶክተሩ ለእኔ ተወው። «አንተ ጀምረኸዋል» አለኝ።

ቄሱ ሰምተው ሲያበቁ ወዲያው አልተቆጡም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሴትዮዋ ሰቆጣ ድረስ መጥታ ነበር አሉ» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«ምን ይዛ?»

«የሞተ ውሻዋን።»

«ሌላስ?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። «ሌላ ምንም አልያዘች አባ። እኔም ምንም አልተቀበልሁ።»

«በግንቦት የእሷ ውሻ ነው አልህ። በሰኔ የእኔ ውሻ ነው ትላለህ። ያው አንተው ነህ፤ ያው አፍህ ነው። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስበልጬ የማምንበትን ምክንያት ንገረኝ።»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆኛል፤ እንደዚያ ያለ ትክክለኛ ጥያቄ ያቀረበልኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። «በግንቦት ሳላይ ነው የተናገርሁት» አልኋቸው። «አሁን አይቻለሁ። እርስዎም ይዩት።»

መስቀላቸውን በግራ እጃቸው ያዙና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። የትኛውን ዓይን እንደሚጨፍኑ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ በጣም ቆይተው አዩ።

«አክሊል ይመስላል» አሉ በመጨረሻ። «ሌላውን አሳየኝ።»

ነጠብጣቧን አደረግሁላቸው። እሷንም እንዲሁ ለረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ በብርሃኑ ይሁን በሌላ አላውቅም።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተናገር» አሉኝ። «አንተ ተናገር። እኔ አልናገርልህም።»

እሑድ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ዛፉ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ዶክተሩ አልመጣም፤ ሥራ አለብኝ ብሎ ሰቆጣ ቀርቷል። ሴትዮዋ በሴቶቹ በኩል፣ ከሁሉም ራቅ ብላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ቄሱ ሰዉን በእጃቸው አስቀመጡልኝና ጎን ላይ ቆሙ።

የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ። ስለ ጭንቅላቱ መቅበር፣ ውሾችን ስለማከም የሚል። ሁሉም ጠፋብኝና መጀመሪያ የወጣልኝ፣ «ውሻዋ አልነበረም» የሚለው ነው። «ባለፈው ጊዜ የተናገርሁት ስሕተት ነው። የመረመርሁት አንድ ውሻ ብቻ ነው፤ እሱንም በትክክል አልመረመርሁትም። የእሷ ውሻ በጎቹን ሊያዞር አይችልም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ተነስተው ሄዱ። እኒያ በበጠጡ በግ ልትቆጥሩ ነው ያሉኝ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ።

«እንግዲያው የማን ውሻ ነው?»

ቄሱን አየሁ። እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። «የዞረ በግ ጭንቅላት የበላ ውሻ ሁሉ» አልሁ።

«እሺ። በሚመጣው ወር ደግሞ የማንን ውሻ ትለናለህ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ከዚያ ስለ ጭንቅላቱ አቀባበር፣ ጉድጓዱ ጥልቅ እንዲሆን፣ ላዩን በድንጋይ ስለመጫን ተናገርሁ፤ ስንቱ እንደሰማኝ አላውቅም። ስጨርስ ቄሱ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጡና በአገውኛ አጭር ነገር ተናገሩ። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማቸው። ከንግግራቸው አንዲት ቃል እንኳ አልያዝሁም፤ የቁጣ ንግግር አልነበረማ።

ሲበተኑ አንዱን ወጣት፣ «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጭንቅላት ቅበሩ፣ እኔም ከዛሬ ጀምሮ እቀብራለሁ ብለዋል አለኝ። ትንሽ ራቅ ብዬ አንዲት እናት ስጠይቅ ደግሞ፣ ይህን ልጅ ታገሡት፣ ገና ነው ብለዋል አሉኝ። ምናልባት ሁለቱንም ብለው ይሆናል። ሌላም ብለው ይሆናል።

በሚቀጥለው ዓመት ለጥናቱ መጨረሻ ስሄድ፣ በየቤቱ ጓሮ ድንጋይ የተጫነባቸው ጉድጓዶች አየሁ፤ በሁሉም ባይሆን በብዙው። የቄሱ ጥቁር ውሻ ታክሟል፤ ቀን ቀን ታስሮ ይውላል። በዚያ ክረምት አንድ በግ ዞሮባቸዋል፤ ዶክተሩ ትሉ ውሻው ሳይታከም በፊት የገባ ነው አለ፣ ሰዉ ግን እኔን በጎን አየኝ። ዶክተሩ ሪፖርቱን ሲጽፍ የሴትዮዋ ውሻ በሠንጠረዡ ውስጥ «ትሉ ያልተገኘበት» በሚለው ዓምድ ገባ። እንዴት እንደሞተ የሚል ዓምድ አልነበረም።

ሴትዮዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋት ያኔ ነው። ቤቷ ሄድሁ፤ ለብቻዬ። አጥሯን ጨርሳዋለች። በዚህኛው ጊዜ ግባ አለችኝ፤ ጠላ ቀዳችልኝ። ሌላ ውሻ አልነበራትም። ዓይኗን የሚፈሩ ሰዎች አሁንም ከብቶቻቸውን በላይኛው መንገድ እንደሚነዱ፣ አንዳንዶቹ ግን ሰላም ማለት እንደጀመሩ ነገረችኝ። ነገሩን እንደ አየር ሁኔታ ነበር የምትናገረው።

ለረጅም ጊዜ የከነከነኝን ጥያቄ አነሳሁባት። «እትዬ፣ ማን እንደገደለው አወቁ?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«እነማን ናቸው?»

ጠላውን ጨመረችልኝ። «አንተ አታውቃቸውም። እንድታውቃቸውም አልፈልግም።»

«ለምን?»

«ትናገራለህ» አለች።